ከጥገና በኋላ የሚታመም ፍሬን፤ የሃይብሪድ መኪና ባለቤቶችና የመለዋወጫ ነጋዴዎች ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ

የጨርቃ ጨርቅ ንግድ ያለው አንድ ወዳጃችን ከጥቂት ወራት በፊት የመኪናውን የፊት ፍሬን ሸራ ለማስለወጥ ወደ አንድ ጋራዥ ይሄዳል። መኪናው ቤንዚንንና ኤሌክትሪክን አጣምሮ የሚሠራ፥ በተለምዶ ሃይብሪድ የሚባለው ዓይነት፥ በ2007 እ.ኤ.አ. የተሠራ ቶዮታ ፕሪየስ ነው። ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ስለ ነበረ ከሰዓት በኋላ ሒሳቡን ከፍሎ መኪናውን ተረከበ። ሆኖም ከጋራዡ በር ጥቂት እንደ ራቀ በመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ቢጫና ቀይ መብራቶች ተከታትለው በሩ፤ የማስጠንቀቂያውም ደወል አላቋርጥ አለ። ወዳጃችን መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁሞ በእግሩ ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

የጋራዡ ሠራተኞች አንድ መሣሪያ ይዘው መጡና መብራቶቹን አጠፉ። በማግሥቱ መብራቶቹ ተመልሰው በሩ። ሁለተኛ ጊዜ አጠፏቸው፤ ሁለተኛ ጊዜ በሩ። በሦስተኛው ቀን የተነገረው ቃል፥ «የፍሬኑ ዋና ማሽን ስለ ሞተ አዲስ ከውጭ አገር ማስመጣት ያስፈልጋል» የሚል ነበር። የዕቃው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ደኅና ድርሻ የሚወስድ በመሆኑ፥ ወዳጃችን ዕቃውን በተመጣጣኝ ዋጋ የሚያቀርብለት አስመጪ እንድንጠቁመው የማዘዣ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኛ መጣ። እኛም አስመጪ ከመጠቆማችን በፊት አንድ የምናውቃቸውን ሽማግሌ መካኒክ እንዲያማክር ላክነው። የሚከተለው ሐተታ ከዚያ ጉዳይ የተነሣ የተጻፈ ነው።

እንደሚታወቀው መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ከዚያ በፊት የገቡት ሃይብሪዶች ግን በየመንገዱ ላይ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም በገፋ መጠን ጥገናቸው ይበዛል። ከዚህም ሌላ፥ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱት አዳዲስ መኪኖች ፍሬናቸው ኀይልን መልሶ በማጠራቀም ረገድ ከሃይብሪዶቹ ፍሬን ጋር የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ ፕሪየስ የምንማረው ነገር ነገ ለሌላውም ይጠቅማል። በዋሽንግተንና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች በታክሲ ሥራ የተሰማሩ ብዙ ወገኖቻችንም እንጀራቸውን የሚያገኙት በዚሁ ዓይነት መኪና ላይ ነው።

በመጀመሪያ የፍሬኑን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። በቀድሞው መኪና ላይ ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ የእግሩ ኀይል በፍሬን ዘይት አማካይነት በቀጥታ ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል፤ ሸራውም ዲስኩን ወይም ታምቡሩን ይዞ መኪናውን ያቆማል። በሃይብሪድ ላይ ግን ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው። ነጂው ቀስ ብሎ ሲረግጥ አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን የሚያዘገየው ሸራው ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። ሞተሩ በዚያን ጊዜ እንደ ዲናሞ ሆኖ የመኪናውን ሩጫ ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ትልቁን ባትሪ ይሞላል። ነጂው አጥብቆ ሲረግጥ፥ ወይም መኪናው ሊቆም ሲቃረብ፥ ወይም ባትሪው ሲሞላ ሥራውን ሸራው ይረከባል። ይህን ርክክብ የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው።

ወዳጃችን በያዘው፥ ከ2003 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በተሠራው ፕሪየስ ላይ፥ ጉዳዩ ከዚህም ይረቅቃል። በደኅና ጊዜ የነጂው እግር ከጎማዎቹ ጋር አይገናኝም። ፔዳሉ የሚገፋው ስሜት ለመስጠት ብቻ የተሠራ፥ በውስጡ ምላሽ የሚሰጥ ጸደይ ያለበትን ትንሽ ዕቃ ነው። ኮምፒውተሩ የእግሩን መጠን ለክቶ፥ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ግፊት ተጠራቅሞ ከተቀመጠው ዘይት ለእያንዳንዱ ጎማ የሚገባውን ያህል በቫልቭ ይለቅቃል። የዚህ ዘይት ግፊት ከ100 አትሞስፌር በላይ ነው። ይህ አሠራር በድንገት ቢበላሽ መኪናው ፍሬን አልባ እንዳይሆን ሌላ መንገድ ተበጅቶለታል፤ ይኸውም የእግር ኀይል በቀጥታ ወደ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እንዲደርስ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ይከብዳል፤ ወደ ታችም ርቆ ይወርዳል፤ መኪናው ይቆማል፥ ግን በብዙ ርቀት።

አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ፍሬ ነገር ከዚህ ይመነጫል። በቀድሞው መኪና ላይ በፍሬን ዘይት መስመር ውስጥ አየር ሲገባ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ስለሚለሰልስ፥ መካኒኩ በእግሩ ብቻ በሽታውን ያውቀዋል። በዚህ መኪና ላይ ግን የእግር ምስክርነት አያስተማምንም፤ እግሩ የሚያገኘው የጸደዩን ስሜት እንጂ የጎማውን አይደለምና። በየጋራዡ ብዙ ሰዓትና ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ሲቀር ነው ብለን እናምናለን።

ሽማግሌው መካኒክ በፊያት 600ና በላንድሮቨር ላይ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን የኮምፒውተር መመርመሪያ ከእጃቸው አይለይም። መኪናውን ከማንሳታቸው በፊት ወዳጃችንን አጠገባቸው አስቀምጠው፥ «ጌታዬ፥ መብራቱ ከመብራቱ በፊት መጨረሻ የተነካው የትኛው ጎማ ነው?» አሉት።

«ሁለቱም የፊት ጎማዎች ናቸው፥ ጋሼ።»

«ከሁለቱ አንዱ አስቸግሯቸው ነበር?»

ወዳጃችን ጥቂት አሰበና፥ ተቀምጦ ሲጠብቅ በቀኝ ጎማ በኩል ዘይት መሬት ላይ ፈስሶ እንደ ነበርና ሠራተኞቹ በአሸዋ እንደ ሸፈኑት ተናገረ። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ መመርመሪያቸውን ሰኩ፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈውንም የስሕተት ቁጥር አንብበው በወዳጃችን የማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉት። ቁጥሩ ሲ 1341 ነበር። ይህ ቁጥር በዚህ ዓይነት ፕሪየስ ላይ የፊት ቀኝ ጎማ የዘይት ግፊት እንደ ታዘዘው አለመሆኑን ይገልጻል። ሲ 1342 ስለ ፊት ግራ፥ ሲ 1343 ስለ ኋላ ቀኝ፥ ሲ 1344 ስለ ኋላ ግራ ይናገራሉ። እንግዲህ መኪናው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሕመሙን ስፍራ በትክክል ሲናገር ነበር፤ ያጠፉት ሰዎች ግን ከማጥፋታቸው በፊት አላነበቡትም፥ ወይም አንብበው አልጻፉትም።

ቁጥሩ ስፍራውን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። የፊት ቀኝ ግፊት የሚያንሰው አየር በመግባቱ፥ ዘይት በማፍሰሱ፥ የግፊት መለኪያው በመበላሸቱ ወይም በእርግጥም የማሽኑ ቫልቭ በመታመሙ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ ውድ የሆነው የመጨረሻው ነው። ሽማግሌው ግን የፈሰሰውን ዘይት ስለ ሰሙ ከርካሹ ጀመሩ። ጎማውን ባወለቁ ጊዜ ካሊፐሩ ዙሪያ የደረቀ ዘይት አገኙ፤ ነገሩም ተገለጸ። አሮጌው ሸራ ወጥቶ አዲሱ ሳይገባ አንድ ተለማማጅ ፔዳሉን ረግጦ ኖሮ፥ የካሊፐሩ ፒስተን ከስፍራው ወጥቶ ዘይቱ ፈስሷል። ሠራተኞቹም ፒስተኑን መልሰው፥ ዘይት ጨምረው፥ እንደ ለመዱት አንዱ ፔዳል እየረገጠ ሌላው የአየር ማስወጫውን ብሎን እየፈታ አየሩን አስወጥተዋል። በዚህ መንገድ በማሽኑ ቫልቮች አካባቢ የቀረው አየር አይወጣም።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል፤ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የእጅና የጣት ጉዳይ ስለ ሆነ። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ቁልፉ ጠፍቶም እንኳ፥ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ እስከ ተያያዘ ድረስ፥ በር ሲከፈት ወይም ፔዳል ሲረገጥ የፍሬኑ ኮምፒውተር ይነቃል፤ ፓምፑም ይሠራል። በር ሲከፈት ከመኪናው ፊት የሚሰማው አጭር ጉርምርምታ ይኸው ነው። ስለዚህ ሸራ ከመለወጡ በፊት የፍሬኑ አሠራር በመመርመሪያው ትእዛዝ እንዲያርፍ ማድረግ፥ ወይም በሩን ዘግቶ ጥቂት ደቂቃዎች ጠብቆ የትንሹን ባትሪ ገመድ መፍታት ያስፈልጋል። የግፊቱን መጠን ቀደም ብለን ስለ ገለጽን፥ በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት በዓይንና በቆዳ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አንባቢው ራሱ ይገምተዋል።

ሽማግሌው መመርመሪያው በሚያዝዘው ተራ መሠረት አየሩን አስወጡ፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ የቫልቮቹን መነሻ ልክ እንደገና እንዲማር አደረጉ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ሲረሳ ሲ 1345 የሚባለው ቁጥር ይጻፍና መብራቱ ደግሞ ይበራል፤ ባለቤቱም ጥገናው አልተሳካም ብሎ ያዝናል። ሥራው ሁሉ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። የወጣው ዕቃም ጥቂት ጠርሙስ የፍሬን ዘይትና አንድ የካሊፐር ጎሚኒ ብቻ ነው።

ከጥገና በኋላ የሚመጣ ሕመም ሁሉ ግን ከዘይት መስመሩ አይደለም። መኪናው በጋራዥ ውስጥ በሮቹ ተከፍተው፥ መብራቶቹ በርተው ረጅም ሰዓት ሲውል ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ይደክማል። የፍሬኑ ኮምፒውተር ከዚህ ባትሪ ስለሚመገብ ኀይሉ ሲያንሰው ሲ 1241 የሚለውን ቁጥር ይጽፋል፤ አልፎ አልፎም እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ ብዙ መብራቶች በአንድ ጊዜ ይበራሉ። ደኅና ባትሪ ባረፈበት ጊዜ 12.6 ቮልት ገደማ ሊያሳይ ይገባል። ይህን ለመለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚለካው ውድ ዕቃ ከተለወጠ በኋላ ነው።

ኩሽኔታ ወይም የጎማ ማዕከል ተለውጦ ከሆነ ደግሞ የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ይጠረጠራል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔታዊ ቀለበት በኩሽኔታው አንድ ጎን ላይ የተለጠፈ ነው። ኩሽኔታው ተገልብጦ ከገባ፥ ወይም ቀለበት የሌለው ርካሽ ኩሽኔታ ከተገዛ፥ መኪናው በደኅና እየተሽከረከረ ኮምፒውተሩ ግን ጎማው ቆሟል ብሎ ያምናል። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሸጡ ባለሱቆች ሁለቱን ጎኖች ለይተው ለገዢው ቢያሳዩ ትልቅ ውለታ ነው።

ሌላው የተለመደ አቤቱታ፥ «አዲስ ሸራ ካስገባሁ ወዲህ መኪናው ሊቆም ሲል ይነጥቀኛል» የሚል ነው። ሃይብሪድ በሸራው የሚጠቀመው ጥቂት ስለ ሆነ ዲስኮቹ ይዝጋሉ፤ የካሊፐሩም ማንሸራተቻ ፒኖች ደርቀው ይያዛሉ። አዲስ ሸራ በዛገ ዲስክ ላይ ሲገጠም፥ ሞተሩ ሥራውን ለሸራው በሚያስረክብበት ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ መንጠቁ ይሰማል። ሸራው ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ የሚደረገው የዝግታ ፍሬን በዚህ መኪና ላይ አይጠቅምም፤ በዝግታ ሲረገጥ የሚሠራው ሸራው ሳይሆን ሞተሩ ነውና። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው የሚያደርጉትን ተመልክተናል። ሰው በሌለበት ሜዳማ ስፍራ፥ በዝቅተኛ ፍጥነት፥ ማርሹን ወደ ኤን ያደርጉትና ፍሬን ይይዛሉ። በኤን ላይ ሞተሩ ኤሌክትሪክ አያመርትም፤ ስለዚህ መኪናውን የሚያቆመው ሸራው ብቻ ነው። መንጠቁ ወይም ወደ ጎን መሳቡ በኤን ላይ ከቀጠለ ጥፋቱ ከሸራው፥ ከዲስኩ ወይም ከካሊፐሩ ነው። በኤን ላይ ከጠፋ ግን ርክክቡን መመርመር ይገባል። ይህ ፈተና መሣሪያ አይጠይቅም፤ ቀይ መብራት እየበራ ግን ከቶ አይሞከርም።

ፓምፑን በጆሮ መስማትም ጥሩ ምስክር ነው። መኪናው በርቶ ቆሞ ሳለ፥ ፔዳሉ ሳይነካ፥ ፓምፑ አንድ ጊዜ ሠርቶ ዝም ሊል ይገባዋል፤ ከጥቂት ርግጫ በኋላም እንደገና ጥቂት ሠርቶ ይቆማል። ማንም ሳይነካው በየጥቂት ሴኮንዱ የሚነሣ ከሆነ የተጠራቀመው ግፊት በውስጥ እያመለጠ ነው። ሲ 1391 የሚለው ቁጥር ይህንኑ ይመሰክራል፤ ሲ 1252 ደግሞ ፓምፑ ከልክ በላይ ረጅም ጊዜ መሥራቱን ይናገራል። በዚህ ጊዜ ውዱን ዕቃ መለወጥ እውነተኛ አስፈላጊነት ሊኖረው ይችላል፤ ማንም በስስት ሊያልፈው አይገባም።

አንዳንዱ ጥፋት ደግሞ ከጋራዡም ከባለቤቱም ሳይሆን ከፋብሪካው የመጣ ነው። የፕሪየስ ፋብሪካ በየካቲት ወር 2010 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 437,000 ያህል ሃይብሪዶችን ጠርቶ የፍሬኑን ኮምፒውተር ትእዛዝ አስተካክሏል፤ አቤቱታው በኮረኮንች መንገድ ላይ ፍሬን ለአፍታ የሚለቅቅ ይመስላል የሚል ነበር። በሰኔ ወር 2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ 242,000 ያህል መኪናዎችን የጠራው የግፊት ማጠራቀሚያው ሊሰነጠቅና በውስጡ ያለው የናይትሮጅን ጋዝ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሊገባ ስለሚችል ነው። በሌላ አገር ተነድተው ወደ እኛ ከመጡት መኪኖች መካከል ይህ እርማት ሳይደረግላቸው የመጡ ሊኖሩ ስለሚችሉ፥ ባለቤቶች የሻንሲ ቁጥራቸውን ይዘው ቢጠይቁ መልካም ነው።

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ። ከተበተነ መኪና የወጣ አሮጌ የፍሬን ማሽን የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃው ከየትኛው ዓመት መኪና እንደ ወጣና በምን ቁጥር እንደ ተመዘገበ በጽሑፍ ይዞ ቢያስመጣ ለራሱም ጥበቃ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. በኋላ በመጣው ሦስተኛው ትውልድ ላይ የማሽኑ አሠራር ስለ ተለወጠ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ገዢውም ዕቃው ከተገጠመ በኋላ በመመርመሪያ የሚደረግ ሥራ እንዳለ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ይህ ሳይነገረው የገጠመ ሰው መብራቱ እንደ በራ ዕቃውን ይመልሳል፤ ነጋዴው አልቀበልም ይላል፤ ክርክሩም እስከ ሽምግልና ይደርሳል። እንዲህ ያለ ክርክር ወደ እኛም መጥቶ ያውቃል።

የፍሬን ዘይት ሻጮችን በተለይ የምናሳስበው ነገር አለ። የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ደንቡ ያዝዛል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ከትልቅ ቆርቆሮ በትንንሽ ጠርሙስ እየቀዱ መሸጥ፥ ወይም ተከፍቶ የከረመውን ክዳኑን ገጥሞ ማቅረብ፥ ሸማቹን በሕይወቱ ማስያዝ ነው። የሞተር ዘይት በስሕተት ወደ ፍሬን ጠርሙስ ከገባ ደግሞ በመስመሩ ያለው ጎሚኒ ሁሉ ያብጣል፤ ያን ጊዜ የወዳጃችን የማዘዣ ወረቀት በእርግጥ ያስፈልጋል።

ወዳጃችን መኪናው በተሠራለት በሳምንቱ ለንግድ ጉዳይ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ፥ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ስለሚበልጥ፥ በመንገዱ አጋማሽ ላይ የፍሬኑ ስሜት ተለወጠበትና ልቡ ደነገጠ። መብራት ግን አልበራም። ስልክ ደውሎ ሽማግሌውን ቢጠይቃቸው፥ «ባትሪው ሞልቶ ነው ልጄ፤ ሞተሩ የሚያስቀምጥበት ስላጣ ሥራውን ለሸራው ሰጠው። ማርሹን ወደ ቢ አድርግና በዝግታ ውረድ፤ ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ደጀን ስትወጣ ባትሪው ይጎድልልሃል» አሉት። እንዳሉትም ሆነ።

ያልተፈረመው የማዘዣ ወረቀት፥ ጀርባው ላይ በእርሳስ ከተጻፈው ቁጥር ጋር፥ እስከ ዛሬ በጽሕፈት ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።